ውሃችሁ እንዴት አደረ

ሰሌዳው በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይለወጣል። እኔ አሥር ደቂቃ ሲቀረው እዚያ ነኝ። ጋቢዬን ደርቤ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ እግሩን ለማፍታታት የወጣ ሰው መስዬ እቆማለሁ። ሌሎቹም እንደዚሁ መስለው ይቆማሉ።

ሰሌዳው ሃምሳ ሁለት መስመር አለው፤ ለአንድ ቤት አንድ መስመር። በየመስመሩ የሚወጣው ቁጥር የዚያ ቤት ፍሳሽ ፊላ በተተከለበት የቤቱ ማጣሪያ ጨፌ አልፎ ወደ አቃቂ ወንዝ ሲወርድ ምን ያህል ቅሪት እንደያዘ ይናገራል። የምን ቅሪት እንደሆነ አይናገርም፤ ያንን ለጎረቤት ትቶታል። ውሃ ጨፌው ውስጥ ዘጠኝ ቀን ስለሚቆይ፣ በፋሲካ ከልክ በላይ በልቶ የሆድ መድኃኒት የዋጠ ቤት የሚጋለጠው በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው። የቤት ቁጥር ሰባት ሙሽራ ልጅ መፈለጓንም ከአማቷ ቀድመን ያወቅነው ክኒኗን ትታ ቁጥሯ በድንገት ሲወርድ ነው።

ሰላምታችንም በዚያው ተለውጧል። ወላጆቻችን «እንደምን አደራችሁ» ይባባሉ ነበር። እኛ «ውሃችሁ እንዴት አደረ?» እንላለን። መልሱ «ጠርቶ አደረ፣ ተመስገን» ነው። ደፍርሶ ቢያድርም መልሱ ያው ነው፤ ቁጥሩ ከጀርባችን በቀይ ተጽፎ እያለ እንኳ ሌላ ነገር ሲመለስ ሰምቼ አላውቅም።

የእኛ ቤት አሥራ አራት ቁጥር ነው፤ ቅሪቱ ሠላሳ አንድ። የጎረቤታችን የእትዬ ሶልያና ቤት አሥራ አምስት ነው፤ ቅሪቱ ዜሮ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዜሮ።

እቀናለሁ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ነገር የማለዘቢያ ዕድሜዬ አልፏል፤ ስለዚህ እንዳለ እናገረዋለሁ። ጠዋት ያንን ዜሮ ሳይ ቁርሴ አይጣፍጠኝም። በዜሮው ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ሴትዮዋ ጨፌዋን አትንከባከብም። እኔ ስምንት እርምጃ በሦስት እርምጃ የሆነችውን ጨፌዬን በየቀኑ አርማለሁ፤ ጠጠሩን አጥባለሁ፤ ፊላውን በወቅቱ አጭዳለሁ፤ ያጨድኩትን በጓንት ይዤ በታሸገው የቆሻሻ መኪና ላይ እጭናለሁ። የሰፈሩን መድኃኒት የጠጣ ሣር ስለሆነ ለበዓል እንኳ ቤት ውስጥ የሚጎዘጉዘው የለም። የእሷ ፊላ ግን ደርቆ ወደ እኔ ጨፌ ይጋደማል። ቅጠሏን የምለቅመው እኔ፣ ዜሮዋን የምትወስደው እሷ።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በጣሳው ላይ ነው። ዝናቡ ራሱ ተለክቶ ቅሪት ከተገኘበት ወዲህ፣ ጳጉሜን ሦስት ቀን በሩፋኤል ዕለት ደጅ ወጥቶ በዝናብ መታጠብ ቀርቷል። ሰፈሩ በዝናቡ ፋንታ በጨፌ ውሃ ይታጠባል፤ ከነሐሴ አንድ እስከ ጳጉሜን ሁለት ቁጥሩ ዝቅ ካለው ቤት ጨፌ በወጣ ውሃ። የዚያ ቤት ሰው ጣሳ ይዞ ይቆማል፤ ሰፈሩ በሙሉ ተሰልፎ በፊቱ አንገቱን ይደፋል። መጀመሪያ በቤተሰቡ ራስ ላይ ያፈስሳል፣ ከዚያ በጎረቤት፣ ከዚያ በሁሉም። ጣሳው የድሮ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ጽሑፉ ተፍቆ አልቋል። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ሰው በር ላይ ይንጠለጠላል። ስድስት ዓመት ከእኔ በር ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ኳ ኳ ሲል ምሳዬን ስበላ እሰማዋለሁ።

በሰኔ አንዲት ወጣት ባለሙያ ናሙና ልትወስድ መጣች። ጨፌዬን ዞራ አየችና «እንዲህ የተያዘ አይቼ አላውቅም ጋሼ» አለችኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«ታዲያ ቁጥሩ ለምን አይወርድም?» አልኳት።

መሣሪያዋን አየች። «ጨፌው ሳሙናውንም፣ የራስ ምታት ክኒኑንም፣ የደም ግፊቱንም በልቶታል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት። ቤት ውስጥ የሚወስድ ሰው አለ?»

«ባለቤቴ ትወስዳለች።»

«እሱን ፊላም ሸምበቆም እምብዛም አይነካውም። እንደገባ ይወጣል።»

«ደንገል ብጨምርስ?»

«ሙሉውን ደንገል ቢያደርጉትም ያው ነው። ጋሼ፣ ቁጥሩ እኮ ለመረጃ ነው። የሚነቀፍበት ሰው የለም። ዋናው እሳቸው ደህና መሆናቸው ነው።»

የመጨረሻውን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ባለቤቴ ሄርሜላ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። ከተጋባን አርባ ዓመታችን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትወድቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ፊት፣ ጠመኔ እንደያዘች። ይህ ክኒን ከተገኘላት ወዲህ ግን ሠላሳ አራት ዓመት አንድም ቀን አልወደቀችም። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ትውጣለች። ከረጅም ጊዜ ብዛት መድኃኒት መሆኑን ረስቼው ነበር።

ምሳ ላይ ባለሙያዋ ያለችውን ነገርኳት።

«እንደገባ ይወጣል አለች?» ብላ ሳቀች። «እንደ እኔ ግትር ነው በለኛ።»

«ያ ክኒን ባይኖር ዜሮ ነበርን» አልኩ።

እንዲያው ለወሬ ያህል ነው ያልኩት። በማግስቱም ለወሬ ያህል ደገምኩት። ሰሌዳውን አይቼ ስመለስም፣ ጣሳው ሲንኳኳም ሳልለው አልቀረሁም። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም። ተይው ግን አላልኳትም፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

በሐምሌ መጀመሪያ፣ ባለሙያዋን ላሳፍራት ብዬ፣ የጨፌውን ግማሽ ነቅዬ ደንገል ተከልኩበት። ወገቤ ለሦስት ቀን አልተቃናም። በሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቁጥራችን ሃያ ስምንት ሆነ። በሁለተኛው ቀን አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ሰባት። ሐምሌ ሃያ ስምንት ቀን ጠዋት ሰሌዳው ሲለወጥ፣ ከአሥራ አራት ፊት ለፊት ያ ክብ ነገር ተቀምጦ አየሁት። ባለሙያዋ ገና ልጅ ናት አልኩ በልቤ፣ ደንገል ምን እንደሚችል የት ታውቃለች።

ወደ ቤት ሄጄ «ዜሮ!» አልኩ በሩን ሳልዘጋ።

ሄርሜላ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። «እንኳን ደስ አለህ» አለች። አቅፋኝ ጭንቅላቴን አሻሸችው። ብርጭቆ አልያዘችም ነበር፤ ይህን አሁን ነው የማስታውሰው።

የሕጉን ነገር አሥር ጊዜ አጣርቻለሁ። ሁለት ቤት እኩል ዜሮ ከሆነ ጣሳውን የሚይዘው ያልያዘው ነው። ስለዚህ እስከ ጳጉሜን ሁለት ድረስ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረኝ። ጨፌው ዳር ወንበር አውጥቼ እውል ጀመር። ደንገሉን ሰው እንዳይነካብኝ እጠብቃለሁ። የጎረቤት ሰዎች እየመጡ «ምን አደረግክበት?» ይሉኛል፤ እኔም «እጅ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም» እላለሁ።

ቤት ውስጥ በዚያ ሰሞን ሁለት ብርጭቆ ተሰበረ። ሄርሜላ እንቅልፍ አጥታ ስትገላበጥ ታድራለች። አንዳንዴ ደግሞ ወሬ ጀምራ መሐል ላይ ዝም ትላለች፤ ግድግዳውን ለጥቂት ጊዜ አፍጥጣ ታይና «ምን እያልኩህ ነበር?» ትለኛለች። እርጅና ነው አልኩ። እኔም እኮ መነጽሬን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ እፈልጋለሁ።

እትዬ ሶልያና መጀመሪያ የመጣችብኝ ነሐሴ ሦስት ቀን ሰሌዳው ፊት ነው።

«ሄርሜላ ደህና ናት?» አለችኝ።

ሰው ሲገናኝ «ውሃችሁ እንዴት አደረ» ይላል እንጂ እንዲህ አይልም። ዜሮዬን ላለመጥራት ነው አልኩ። «በጣም ደህና ናት» አልኳት፤ «ደህና» የሚለውንም ሳብ አደረግኩት።

በሳምንቱ ቤት ድረስ መጣች። በሳህን የተቆረጠ ፓፓያ ይዛለች። ሄርሜላ ጋደም ብላ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ሳህኑን ተቀበልኳት። እሷ ግን በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ ታያለች። «ልግባና ልያት?» አለች። «ተኝታለች፣ ሌላ ቀን» አልኳት። ዓይኗን በጨው አጥባ ቤቴን ልትሰልል መጣች ብዬ ፓፓያውን አልቀመስኩትም።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጣችው ጳጉሜን ሁለት ቀን ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጣሳውን ከእሷ በር ፈትተው በእኔ በር ላይ ካሰሩት ገና ሰዓት አልሞላውም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እያየሁት ሳለ መጣችና ፊቴ ቆመች።

«ኢዮስያስ፣ ቁጥራችሁ ለምን ወረደ?»

«ደንገል ነዋ።»

«ደንገል አይደለም። ሄርሜላን አነጋግራት።»

ስድስት ዓመት የታመቀው በአፌ መጣ። «እትዬ፣ ቀናሽ እንዴ?» አልኳት።

ደንገሉን አየች፣ ከዚያ የእኛን መስኮት አየች።

«አዎ» አለች። «ከቀናሁባችሁ ብዙ ዓመቴ ነው።»

ተመልሳ ገባች። እኔ የዚያን ዕለት እራቴን እንደ ልጅ እየተቻኮልኩ በላሁ። በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ እንደዚያ የጣፈጠኝ ቃል የለም።

የሩፋኤል ዕለት ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ሰዉ ጃንጥላ ይዞ መጣ። ከመውጫ ቱቦዬ ፊት ለፊት እስከ ሰሌዳው ድረስ ተሰለፉ። እኔ ነጭ ለብሻለሁ። ሄርሜላ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከፊት ቆመች፣ ከኋላዋ እትዬ ሶልያና። ጣሳውን ቱቦው ሥር አደረግኩት። ሞላ።

«እንኳን አደረሰሽ» ብዬ በሄርሜላ ራስ ላይ አፈሰስኩት።

ቀና ብላ ልታየኝ የሞከረች መሰለኝ። ከዚያ ዓይኗ እኔን አልፎ ሄደ። ያንን አስተያየት አወቅኩት፤ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላም አወቅኩት። ጉልበቷ ከመክዳቱ በፊት ስሟን ጠራሁ፣ ግን በአንድ እጄ ጣሳ ይዤ ነበር፤ ልደግፋት ስል አመለጠችኝና ጠጠሩ ላይ ወደቀች። ሰውነቷ ሁሉ መንዘፍዘፍ ጀመረ።

ከሰልፉ ውስጥ «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። በሰፈራችን ክብሪት የሚባል ነገር ከታየ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ግን ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ከአያቶቻችን የቀረ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ባዶ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ፣ አንዱ ወደ ቤቱ ይሮጣል። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ክብሪት ምን ያደርጋል፣ ዞር በሉ አየር ታግኝ» አለች እትዬ ሶልያና። ጠጠሩ ላይ ተንበረከከች። የራሷን ነጠላ አጣጥፋ ከሄርሜላ ጭንቅላት ሥር አደረገች፣ ቀስ ብላ በጎኗ አስተኛቻት፣ አገጯን ቀና አድርጋ ያዘች። ሰዎቹ አፏ ውስጥ ምንም እንዳይከቱ እጃቸውን መለሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጣሳውን አስቀምጠውና ና፣ እጇን ያዝ» አለችኝ።

አስቀመጥኩት።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሄርሜላን ወደ ውስጥ ወሰዷት። እኔና እትዬ ሶልያና ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ነጭ ልብሴ ጭቃ ሆኗል።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት በኋላ።

«ጋሽ ናሆም የልብ መድኃኒት ይወስድ አልነበር?» አለች። ናሆም ባሏ ነው፤ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። «የእኛ ቁጥር ያኔ አርባ ነበር። ታስታውሳለህ?»

አላስታውስም ነበር። ከዜሮዋ በፊት የነበረውን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

«ከቀበርነው በኋላ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ነበር» አለች። «ውሃው ገና ጨፌው ውስጥ ነዋ። ሰዉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ በየጠዋቱ ሹልክ ብዬ እየወጣሁ አየው ነበር። አርባ። አርባ። አርባ። በአሥረኛው ቀን ዜሮ ሆነ። በዚያው ዓመት እንኳን ደስ አለሽ ብለው ጣሳውን በሬ ላይ ሰቀሉልኝ።»

ስድስት ዓመት ዜሮ፣ ስድስት ዓመት ባሏ የለም። ቁጥር ቆጥሬ የምውል ሰው እነዚህን ሁለቱን አጠጋግቼ አላየኋቸውም። አንገቴን ደፋሁ።

«የእናንተን ሠላሳ አንድ በየጠዋቱ አነብ ነበር» አለች። «ሁለት ሰው አድሮበት የተነሣ ቤት ነው እል ነበር። እንዴት ብዬ አልቀና? በሐምሌ መውረድ ሲጀምር ሆዴ ፈራ። ሰው የሚወስደውን ሲተው ወይ ድኖ ነው፣ ወይ...» አልጨረሰችውም። «በግልጽ ልነግርህ ይገባ ነበር። ደስ ብሎህ ሳይ አቃተኝ።»

ሄርሜላ አልጋ ላይ ግንባሯ በፋሻ ታስሮ፣ ምላሷን ነክሳ ስለነበር እየተኮላተፈች ተቀበለችኝ። ክኒኑን ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምራ ቀስ በቀስ ቀንሳ፣ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቀን ጨርሳ ትታዋለች። የሐምሌ አሥራ ዘጠኙ ሃያ ስምንትም፣ የሐምሌ ሃያ ስምንቱ ዜሮም የእሷ ሥራ ነበር፤ ደንገሉ ምንም አላደረገም።

«ለምን?» አልኳት።

«አሥራ አንድ ጊዜ ነገርከኝ» አለች። «ያ ክኒን ባይኖር ብለህ። አስተማሪ ነኝ፣ እቆጥራለሁ። አሥራ ሁለተኛውን መስማት አልፈለግኩም።»

«ተይው አላልኩሽም እኮ።»

«አላልክም።» ብርድ ልብሱን ወደ ደረቷ ሳበች። «ሠላሳ አራት ዓመት አልወደቅኩም፣ ምናልባት በሽታው ትቶኝ ይሆናል ብዬም ነው። ደግሞ አንድ ቀን ጣሳውን ይዘህ ላይህ ፈለግኩ። ደስ አለህ?»

መዋሸት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። «አንድ ጣሳ ያህል» አልኳት።

ሳቀች፣ ሳቁ ግን ምላሷን አሳመማት።

የዚያኑ ቀን ማታ ክኒኑን ፊቴ ዋጠች። ከማግስቱ ጀምሮ እኔ በየጠዋቱ ሰሌዳው ፊት ነኝ። ጳጉሜን አራት፣ ዜሮ። ጳጉሜን አምስት፣ ዜሮ። የአዲስ ዓመት ዕለት ሰዉ አበባ ይዞ ሲያልፍ «ውሃችሁ እንዴት አደረ?» ይለኛል፤ ዜሮው ከጀርባዬ አለ። እንዳላየሁት ሆኜ አልፋለሁ። ዘጠኝ ቀን መሆኑን አውቃለሁ፤ ክኒኑን ስትውጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ያ ክብ ነገር በየጠዋቱ ከቤታችን ቁጥር ፊት ለፊት ሲቀመጥ እየሮጥኩ ወደ ቤት እመለሳለሁ፣ በሩን ከፍቼ ትንፋሿን እሰማለሁ። እትዬ ሶልያና እንዲህ ሮጣ ገብታ ትንፋሹን የምትሰማው ሰው አልነበራትም።

ጣሳው እንደ ደንቡ ዓመቱን ሙሉ በራችን ላይ መንጠልጠል ነበረበት። ሄርሜላ አውርዳ ክኒኖቿን አስቀመጠችበት። መስኮቱ ላይ ቁጭ ብሏል። ከሰፈሩ ሰው አንድም የተናገራት የለም።

መስከረም ሰባት ቀን እንደ ልማዴ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ወጣሁ። እትዬ ሶልያና ቀድማኝ ቆማለች። ጋቢዋን ደርባ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ሰሌዳውን ታያለች። የምታየው የራሷን መስመር አይደለም፤ አሥራ አራትን ነው። በዚህም ቀደመችኝ። ቅር አለኝ፣ ያው የድሮው ቅናት ነው። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። መስመሮቹ ጠፉ፣ ተመልሰውም አበሩ። ከአሥራ አራት ፊት ለፊት አራት የሚል ቁጥር ወጣ። ትንሽ ናት፣ ግን ዜሮ አይደለችም።

ሁለታችንም እናየዋለን።

«ውሃችሁ እንዴት አደረ?» አለችኝ።

«ደፍርሶ አደረ» አልኳት።

«ተመስገን» አለች።